አንብሬከብልን አየሁት፣ ሱፐርሂሮ ፊልም ሆኖ ለምንድነው እንዲህ የከበደኝ? (ስፖይለር አለው)

ናቲ ሳሪስ፦

ሰላም የፊልም ቤተሰቦች። እኔ የማርቭል ልጅ ነኝ፣ ካባ ለብሶ የሚበር ካለ አያመልጠኝም፣ እና መስሪያ ቤት ያለ አንድ ጓደኛዬ በፈረንጆቹ 2000 የወጣውን አንብሬከብልን ሳታይ ስለ ሱፐርሂሮ አታውራኝ እያለ ሲጨቀጭቀኝ ከርሞ ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ አየሁት። ብሩስ ዊሊስ አለበት፣ ሳሙኤል ኤል ጃክሰን አለበት፣ ዳይሬክተሩ ኤም ናይት ሻማላን ነው፣ ስለዚህ በቃ ህንፃ ይፈርሳል መኪና ይገለበጣል ብዬ ነው የጠበቅኩት።

ምንም እንደዛ አይደለም። ዴቪድ ደን የሚባል ሰውዬ ነው፣ ፊላደልፊያ ስታዲየም ውስጥ ሴኩሪቲ ነው የሚሰራው፣ ከሚስቱ ጋር አንድ ቤት እየኖሩ መኝታ ለይተዋል፣ ኒውዮርክ ለስራ ኢንተርቪው ሄዶ ሲመለስ ባቡሩ ሀዲዱን ይስትና ሰው ሁሉ ያልቃል እሱ ብቻ አንድ ጭረት ሳይነካው ይወጣል። ከዛ ኤላይጃ የሚባል፣ አጥንቱ በሆነ ባልሆነው የሚሰበርበት፣ የኮሚክ (በስዕል የሚተረክ የጀግኖች መጽሔት) ስዕል ጋለሪ ያለው ሰው ይመጣና አንተ በሕይወትህ ታመህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ሰላም ይነሳዋል። እኔን የመሰለ ተሰባሪ ሰው ካለ በሌላኛው ጫፍ ደግሞ የማይሰበር ሰው መኖር አለበት፣ እሱም አንተ ነህ ነው ነገሩ።

ከዛ በኋላ ድብድብ ቢባል አንዴ ናት፣ እሷም አታምርም። ፊልሙ 106 ደቂቃ ነው፣ እና ሲያልቅ ቅዝዝ ብዬ ቀረሁ፣ እንቅልፍም እምቢ አለኝ። ስለ ጠንካራ ሰው የተሰራ ፊልም አይቼ እንዲህ አዝኜ አላውቅም። እና ጥያቄዬ፣ ይሄ ሀዘን ከየት ነው የመጣው? ሆን ተብሎ ነው ወይስ ፊልሙ ቀርፋፋ ስለሆነ ነው? ደግሞ ሁለት ተከታይ አለው አሉኝ፣ ልያቸው ወይስ እዚሁ ላቁም?

ቪዲዮ ቤት ያሳደገው፦

ናቲዬ ሆን ተብሎ ነው፣ በደንብ ታስቦበት። ሻማላን መጀመሪያ ያሰበው ታሪክ እንደማንኛውም የሱፐርሂሮ ታሪክ ሦስት ክፍል ነበረው፣ ሰውዬው ኃይሉን ያውቃል፣ ወንጀለኛ መዋጋት ይጀምራል፣ መጨረሻ ላይ ዋናውን ጠላት ይገጥማል። ሲሰራበት ግን የሳበው የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ስለሆነ እሱን ብቻ ወስዶ ሙሉ ፊልም አደረገው። ሌሎቹ ፊልሞች በሃያ ደቂቃ የሚጨርሱትን ማለትም "ይሄ እኔ ነኝ እንዴ?" የሚለውን ጥያቄ እዚህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነው የምታየው። ስለዚህ ድብድቡ የት ሄደ ብለህ ብትፈልገው አታገኘውም ምክንያቱም ፊልሙ እሱ ጋ ከመድረሱ በፊት ያለውን ሰውዬ ነው የሚያሳይህ።

ሌላው ዘመኑን አስብ። ይሄ የወጣው ህዳር 2000 ላይ ነው። ኤክስ ሜን የመጀመሪያው ገና በዛው ዓመት በሐምሌ ነው የወጣው፣ ስፓይደር ማን ደግሞ 2002። ያኔ የኮሚክ ፊልም እንደ ዛሬ ሲኒማውን አልሞላውም፣ ዲዝኒዎች ራሳቸው የኮሚክ ፊልም ነው ብለው ማስተዋወቅ አልፈለጉም፣ ሻማላን ከዓመት በፊት ሲክስዝ ሴንስ በሚባለው ፊልሙ ዓለምን ስላስደነገጠ ይሄንንም እንደዛው የሚያስፈራ ትሪለር ነው ብለው ነው የሸጡት። ሰው ሌላ ነገር ጠብቆ ገባ፣ ሌላ ነገር አየ። ወደ 75 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት 248 ሚሊዮን አካባቢ ቢያስገባም ከሲክስዝ ሴንስ አንፃር እንደ ውድቀት ነው የታየው፣ በጣም የሚያሳዝነኝ እሱ ነው ምክንያቱም እኔ ከሁለቱ ይሄን ነው የማስበልጠው።

አሁን ተመልሰህ የባቡሩን ሲን እየው በናትህ። ካሜራው ፊት ካለው ወንበር ኋላ ሆኖ በሁለቱ መቀመጫ መሀል ባለችው ክፍተት ነው የሚያየው፣ ልጅ ሆነህ አውቶብስ ላይ ዞረህ ከኋላህ ያሉትን እንደምታየው በቃ። አንዲት ቆንጆ ሴት መጥታ አጠገቡ ትቀመጣለች፣ ዴቪድ ቀስ ብሎ የጋብቻ ቀለበቱን ያወልቃል፣ ካሜራው ወደ እሷ ይሄዳል ወደ እሱ ይመለሳል አንዴም አይቆረጥም። ጀግናችን ሲተዋወቅህ ቀለበቱን እየደበቀ ነው! ከዛ ሆስፒታሉ። ዶክተሩ እያነጋገረው ከፊት ለፊት ደብዝዞ አንድ የተኛ ሌላ ሰው አለ፣ ነጩ ጨርቅ ላይ ደሙ ቀስ እያለ ይሰፋል፣ ማንም ስለሱ አያወራም፣ ዶክተሩ በሕይወት የቀረኸው አንተ ብቻ ልትሆን ነው እያለው ያ ደም ይሰፋል። ሀዘኑ ከየት መጣ ላልከው እዛ ጋ ነው የጀመረው፣ መትረፉን ደስ ብሎህ እንድታየው አንድ ደቂቃ አልሰጠህም።

ሲስተር ከጎንደር፦

የኤላይጃን ነገር እኔ ልናገር ነርስ ስለሆንኩ። በሽታው እውነተኛ ነው፣ ኦስቲዮጄነሲስ ኢምፐርፌክታ ይባላል፣ አጥንትን የሚያጠነክረው ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን በዘር በሚመጣ ችግር ሲያንስ ወይ ሲበላሽ የሚመጣ ነው። አንዳንዶቹ ላይ የዓይናቸው ነጩ ክፍል ሰማያዊ ይመስላል፣ እድሜ ሲገፋ መስማትም ይቀንሳል፣ ስለዚህ አጥንት ብቻ አይደለም።

ፊልሙ ላይ ኤላይጃ የኔ ዓይነት አንድ ነው ቀላሉ ነው፣ 54 ጊዜ ተሰብሬያለሁ ይላል፣ ዓይነት አራት ያለባቸው ብዙ አይቆዩም ይላል። እዚህ ጋ ተሳስተዋል። ዓይነት አንድ ቀላሉ መሆኑ ልክ ነው፣ ግን ሕፃኑን ሲወለድ ወይም ከተወለደ ብዙም ሳይቆይ የሚገድለው ዓይነት ሁለት ነው፣ በሕይወት ከሚቆዩት ከባዱ ሦስት ነው፣ አራት መሀል ላይ ነው ያለው። ደግሞ እሱ እጅና እግሩ ተሰብሮ ነው የተወለደው፣ እንደዛ ሆኖ የሚወለድ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ዓይነት አንድ አይሆንም።

እናትየዋን ግን በጣም ልክ አድርገዋታል። ልጁ ከቤት አልወጣም ሲል አትቆጣውም፣ አታባብለውም፣ የተጠቀለለ ስጦታ መንገድ ማዶ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ታስቀምጥለታለች፣ ከፈለግከው ሄደህ አምጣው ነው። ልጁ ሄዶ ሲከፍተው የመጀመሪያው ኮሚክ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚታመም ልጅ ያላት እናት ያቺን ሲን አይታ አለማልቀስ አትችልም። ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ልጆች የሚጠይቁት እኮ መቼ እድናለሁ ብቻ አይደለም፣ ለምን እኔ ብለው ነው፣ እና ለምን እኔ ለሚለው መልስ የሰጠው ያ ኮሚክ ነው። በመጨረሻ የአውሮፕላኑንም የሆቴሉንም የባቡሩንም አደጋ ያደረሰው ኤላይጃ መሆኑ ሲታወቅ እኔን የሰበረኝ ይሄ ነው፣ መልሱን ለማግኘት የስንት መቶ ሰው ነፍስ አጠፋ።

የማልወድለት ነገርም አለ። የታመመውን ሰው ወንጀለኛ ጤነኛውን ጀግና ማድረግ ፊልሞች የለመዱት ነገር ነው፣ ይሄም ከዛ አላመለጠም። ሀገራችን ውስጥ ስንት አካል ጉዳተኛ ቤት ተደብቆ እንደሚያድግ እያወቅን እንዲህ ያለውን ነገር ዝም ብለን ማለፍ የለብንም።

ቤቲ 22፦

እኔ ግን እውነቱን ልናገር ቀርፋፋ ነው። ሁሉም ሰው በሹክሹክታ ነው የሚያወራው፣ ሁሉም ነገር ግራጫ ነው፣ ሚስትየውም ባልየውም ሳይተያዩ ነው የሚነጋገሩት። ሀዘን መፍጠርና ሰውን ማሰልቸት ይለያያል። ደግሞ መጨረሻው! ኤላይጃ ሚስጥሩን ከተናገረ በኋላ ፊልሙ ድንገት ይቆምና ጽሑፍ ይመጣል፣ ዴቪድ ለፖሊስ ጠቆመ፣ ኤላይጃ የአእምሮ ሆስፒታል ገባ አለቀ። ያን ያህል ቀስ ብለህ ይዘኸኝ መጥተህ መጨረሻውን በሁለት መስመር ጽሑፍ ትጨርሰዋለህ? ትልቁ ነገር ላይ ቸኮለ። ሳሙኤል ጃክሰን ግን አንደኛ ነው፣ ያ ሐምራዊ ኮትና ያ የብርጭቆ ከዘራ፣ የሜትሮ ደረጃው ላይ ሲወድቅ ከዘራው ሲሰባበር የሱ አጥንት የተሰማኝ ያህል ነው።

ቪዲዮ ቤት ያሳደገው፦

ቤቲ በጽሑፉ እስማማለሁ፣ እኔም አልወደድኩትም፣ ዴቪድ ሰው ሲነካ የሰራው ክፋት ይታየዋል አይደል፣ የኤላይጃን እጅ ጨብጦ ነገሩን ካየ በኋላ ወደ ኋላ እየሸሸ ሲወጣ ቢያልቅ ይበቃ ነበር። ግራጫው ላይ ግን አልስማማም። ቀለሙን ተከታተዪው፣ ዴቪድ አረንጓዴ ነው ኤላይጃ ሐምራዊ ነው፣ ሌላው ዓለም የደበዘዘ ነው፣ ከዛ ድንገት ደማቅ ቀለም የለበሰ ሰው ከመጣ ክፉ ሥራ ያለበት ነው ማለት ነው። ብርቱካናማ ቱታ የለበሰው፣ ሰው ቤት ገብቶ ልጆቹን ያሰረው ሰውዬ ከርቀት ገና ሳይነካው ነው የሚያስፈራሽ። ግራጫ ባይሆን ያን ብርቱካናማ አታዪውም ነበር። ካሜራማኑ ኤድዋርዶ ሴራ የሚባል ሰው ነው እና ኤላይጃን ስንት ጊዜ በመስታወት ውስጥ እንዳሳየው ቁጠሪ፣ ሲወለድ በመስታወት፣ ልጅ ሆኖ በጠፋ ቲቪ ስክሪን፣ ጋለሪው ውስጥ በፍሬም መስታወት።

ፊሊ ያለሁት፦

እኔ የምኖረው ዌስት ፊላደልፊያ ነው፣ ባልቲሞር አቬኑ አካባቢ የሐበሻ ሬስቶራንት ያለበት ሰፈር፣ ስለዚህ ይሄ ፊልም ለኔ የሰፈሬ ፊልም ነው። ዴቪድ የሚሰራበት ስታዲየም ፍራንክሊን ፊልድ ነው፣ ከ1895 ጀምሮ ያለ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም፣ ከኛ ሰፈር በእግር ይኬዳል። ሻማላን ህንድ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ፊላደልፊያ ዳር ነው፣ ፊልሞቹን እዚህ ነው የሚሰራው፣ ለዛ ነው ከተማዋ እንደ ፖስት ካርድ ሳይሆን ሰው እንደሚኖርባት የምትታየው።

ያ ዴቪድ እጁን ዘርግቶ ሰው መሀል የሚቆምበት ቦታ 30ኛ ስትሪት ስቴሽን ነው። አዳራሹ ውስጥ አንድ ትልቅ የነሐስ መልአክ ሐውልት አለ፣ የሞተ ወታደር አንስቶ የሚይዝ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱ የባቡር ድርጅቱ ሰራተኞች የቆመ ነው። እኔ ስራ ስሄድ በዛ ነው የማልፈው፣ ሁሌም በችኮላ የሚሄድ ሰው ነው የሞላው፣ ማንም ማንንም አያይም። እና ሰውዬው እዛ መሀል ቆሞ የሚነካው ሰው ሁሉ ምን እንዳደረገ ይታየዋል፣ አንዷ ወርቅ ሰርቃለች፣ አንዱ ሰው ደብድቧል፣ ሁሉም አጠገቡ ያልፋሉ። አዳራሹን ለሚያውቀው ሰው ያ ሲን በጣም ነው የሚከብደው።

ናቲ ሀዘኑን የጠየቅከው እኔ እንደዚህ ነው የገባኝ። እኔም ሴኩሪቲ ነኝ፣ የሌሊት ሽፍት። እዚህ ያለን ሐበሾች ስንቶቻችን ነን ሌላ ነገር ልንሆን መጥተን ዩኒፎርም ለብሰን በር ላይ የቆምነው። ዴቪድ ጠዋት ሲነሳ የሚሰማውን ሀዘን ለኤላይጃ ይነግረዋል አይደል፣ ኤላይጃም የተፈጠርክበትን ስራ ስላልሰራህ ነው ዓይነት ነገር ይለዋል። ኃይሉ ምንም ያህል ቢሆን ፊልሙ የቆመው እዛች ላይ ነው። ሰውዬው ድሮ ትልቅ የእግር ኳስ ተጫዋች ነበር፣ የአሜሪካኑን ኳስ ማለቴ ነው፣ ሚስቱ ያን ጨዋታ ስለማትወደው አንድ የመኪና አደጋ ላይ ተጎዳሁ ብሎ ዋሽቶ ተወው፣ ለፍቅር ብሎ የተወው ነገር መልሶ ትዳሩን በላው። እና ደግሞ የጀግና ልብሱን አስተውለኸዋል? ካባ አይደለም የስራ የዝናብ ልብሱ ነው፣ ጀርባው ላይ ሴኩሪቲ የሚል የተጻፈበት። ያን ለብሶ ነው ብርቱካናማው ሰውዬ ያሰራቸውን ሁለት ልጆች ሊያድን የሚገባው። እኔም እንደዛ ያለ የዝናብ ልብስ በር ጀርባ ተሰቅሎ አለኝ፣ ያን ሲን ባየሁ ቁጥር ቀና ብዬ ነው የማየው።

አባ ኪያ፦

ልጆች ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ ግን ልጁን ረሳችሁት። ጆሴፍን፣ የዴቪድን ልጅ። ለኔ ፊልሙ የአባትና የልጅ ፊልም ነው። ምድር ቤት ሆነው ብረት ሲያነሱ፣ አባትየው ቀንስ ሲለው ልጁ ይጨምራል፣ ክብደቱ ሲያልቅባቸው የቀለም ባልዲ ያንጠለጥሉበታል፣ አባትየው ያነሳዋል። የልጁን ዓይን አይታችሁታል? እያንዳንዱ ልጅ አባቱ እንዲህ እንደሆነ ነው የሚያምነው፣ ይሄኛው ግን እውነት ሆኖ አገኘው።

ከዛ ኩሽናው። ልጁ የአባቱን ሽጉጥ አውጥቶ አትሞትም ላሳይህ ብሎ አባቱ ላይ ይደግናል። እናት ትጮሃለች፣ አባት በጉልበት አይቀማውም፣ ልጅ ነውና በልጅ ቋንቋ ከተኮስክ ትቼህ ኒውዮርክ እሄዳለሁ ብሎ ነው የሚያስፈራራው። አስቡት፣ ጥይት የማይፈራው ልጅ አባቴ ይሄድብኛል የሚለውን ፈርቶ ሽጉጡን አስቀመጠ። እኔ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ያን ሲን ተቀምጬ መጨረስ አልቻልኩም፣ ተነሳሁ። ለዚህ ነው ናቲ እንቅልፍ እምቢ ያለህ ልጄ፣ ቤቱ የምታውቀው ቤት ስለሆነ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ቁርስ አለ።

ናቲ ሳሪስ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼ የእርስዎ ነገር በተለይ ገባኝ፣ ከትዳሩና ከልጁ ውጪ ኃይሉ ምንም አይደለም ማለት ነው። ሲስተር የእናትየዋን ነገር ካነበብኩ በኋላ ያቺን ሲን ደግሜ አየኋት። አሁን ተከታዮቹን ንገሩኝ። ደግሞ አስር ዓመት የሆነው ታናሽ ወንድሜ ሱፐርሂሮ ነው ካልክ እኔም ላይ እያለኝ ነው፣ ላሳየው?

ቪዲዮ ቤት ያሳደገው፦

መጀመሪያ ስፕሊትን እይ፣ ከዛ ግላስን። ስፕሊት ሲወጣ የዚህ ተከታይ መሆኑን ማንም አልነገረንም ነበር፣ ጄምስ ማካቮይ 23 ማንነት ያለው ኬቨን የሚባል ሰው ሆኖ ሦስት ልጆች ያግታል፣ አንድ የጠለፋ ትሪለር ነው ብለህ ስታይ ቆይተህ መጨረሻው ላይ ብሩስ ዊሊስ ካፌ ውስጥ ተቀምጦ ይታያል፣ ሲኒማ ቤት ያየ ሰው ያኔ ነው የጮኸው። ኬቨን እኮ ከመጀመሪያው አንብሬከብል ውስጥ እንዲገባ ታስቦ የተተወ ገፀ ባሕርይ ነው። ሻማላን ያኔ በትልቅ ፊልሞች ተመትቶ ስለነበር በትንሽ ገንዘብ ነው የሰራው፣ 9 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት 278 ሚሊዮን አካባቢ አስገባ።

ግላስ 2019 ነው፣ ዴቪድን፣ ኤላይጃንና ኬቨንን ሦስቱንም አንድ የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ ያስገባቸዋል፣ አንዲት ዶክተር መጥታ ኃይል የሚባል ነገር የላችሁም፣ ሁሉም በጭንቅላታችሁ ያለ ነው ትላቸዋለች። ሀሳቡ በጣም ቆንጆ ነው ምክንያቱም የመጀመሪያውን ጥያቄ መልሶ ያነሳዋል። መጨረሻው ግን ሰውን ሁለት ቦታ ከፍሎታል፣ እኔ ዴቪድ የሚገባውን አላገኘም ከሚሉት ወገን ነኝ፣ ሌላ አልናገርም አይተህ ተመለስ። አንድ ነገር ግን፣ ጆሴፍን የሚሰራው ያው ራሱ ልጁ ነው፣ ስፔንሰር ትሪት ክላርክ፣ ከ19 ዓመት በኋላ ትልቅ ሰው ሆኖ የአባቱ ረዳት ሆኗል። የኤላይጃ እናትም ያቺው ናት። በ2000 ተቀርፆ የተቆረጠ የኤላይጃ የልጅነት ሲን እዚህ ገብቷል። ብሩስ ዊሊስ ደግሞ በ2022 በህመም ምክንያት ትወና አቁሟል፣ በቀጣዩ ዓመት ቤተሰቡ የአንጎል ህመሙን ስም ነግሮናል፣ እና አሁን የዴቪድን ዝምታ ሳይ ሌላ ስሜት ነው የሚሰጠኝ፣ ያ ሰውዬ ምንም ሳይናገር በፊቱ ብቻ ስንት ነገር ያደርግ ነበር።

ሲስተር ከጎንደር፦

ናቲ ወንድምህን አታሳየው። ደም ብዙም የለውም ግን የኩሽናው ሽጉጥ ነገር ለአስር ዓመት ልጅ ከባድ ነው፣ የብርቱካናማው ሰውዬ ቤት ገብቶ የሚያደርገውም እንዲሁ፣ ታስረው የተገኙትን ልጆች ሲያይ እነሱ ቦታ ራሱን ነው የሚያስገባው። አሜሪካኖቹም ከ13 ዓመት በታች ያሉ ጥንቃቄ ይደረግላቸው ነው ያሉት። ስፕሊት ደግሞ ከዚህ ይብሳል፣ የልጅ ጥቃት ታሪክ አለበት፣ አንተም ብቻህን ማታ ባታየው ይሻላል።

ናቲ ሳሪስ፦

እሺ ሲስተር፣ ለሱ ካርቱን እከፍትለታለሁ። ስፕሊትን አርብ ከጓደኛዬ ጋር አይተን እንመለሳለን፣ ቤቲ አንቺም ግላስን ካየሽ የመጨረሻውን ጽሑፍ ነገር እዛ አስተካክሎት እንደሆነ ንገሪን።